የልጆችን መጽሐፍ ማን ይከፍላል? ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ዶላር ምንዛሬ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ሐይቅ ከተማን ያገኛል። ከከተማዋ አጠገብ፣ ድሮ ደሴት በነበረውና ዛሬ ከየብሱ ጋር በተያያዘው ቦታ ላይ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ገዳሙ ካቆያቸው የብራና መጻሕፍት አንዱ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ ወንጌል ነው። ያስጻፉት በ1240ዎቹ የገዳሙን ትምህርት ቤት ያደራጁት አባ ኢየሱስ ሞዓ ሲሆኑ የእርሳቸው ሥዕልም በመጽሐፉ ውስጥ ይገኛል።

ስለዚህ ወንጌል ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሥዕሉና ዕድሜው ነው። ወጪው ግን አይነሣም። አንድ ወፍራም የብራና መጽሐፍ ማለት በርካታ ፍየል ወይም በግ ማለት ነው። ቆዳ የሚፍቅ፣ ቀለም የሚበጠብጥ፣ ወራት ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ማለት ነው። ያ ሁሉ ሰው መብላት አለበት። ሐይቅ ይህን የቻለው ከዐፄ ይኩኖ አምላክ ጀምሮ ከቤተ መንግሥት ጋር የተሳሰረ፣ መሬት የተሰጠው፣ አበምኔቱ «ዓቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ በቤተ መንግሥት የሚደመጥ ገዳም ስለነበረ ነው። በዛሬ ቋንቋ እንናገር ካልን ድርጅቱ አንድ ትልቅ ደንበኛ ነበረው።

በዚያ ዘመን ለልጅ ተብሎ የተዘጋጀ መጽሐፍ አልነበረም። ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳ ብሎ፣ መልእክተ ዮሐንስ ተሻግሮ ዳዊት ይደግማል። መጽሐፉ የአዋቂ ነው፣ ልጁ ነው ወደ መጽሐፉ የሚያድገው። በተሁለደሬና በአምባሰል ያለው የሙስሊሙ ልጅ ደግሞ ቁርኣኑን የሚቀራው በሉሕ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳ ላይ ነበር። የዕለቱ ትምህርት ይጻፋል፣ ይሸመደዳል፣ ይታጠባል፣ ነገ ሌላ ይጻፍበታል። በሒሳብ ሰው ዐይን ካየነው ሉሕ የሚገርም ዕቃ ነው። መጋዘን የለው፣ ያልተሸጠ ክምችት የለው፣ የወረቀት ዕዳ የለው!

ይህን ከሩቅ ያነሣነው ዛሬ የልጆች መጽሐፍ አሳታሚዎች ስለገቡበት ጭንቅ ለመናገር ነው። ስለእነርሱ ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚሄደው ወደ ሁለት ጫፍ ነው። አንዱ ወገን «ሕዝባችን አያነብም» ይላል። ሌላው ስንት ርእስ እንደታተመ፣ ስንት ሺህ ቅጂ እንደተሰራጨ ቆጥሮ «አድጓል» ይላል። ሁለቱም የድርጅቱን ጤና አይነግሩንም። ጤናውን የሚነግረን አንድ ጥያቄ ነው፦ ትልቁ ከፋይ ነገ ጠዋት ቢቀር መጽሐፉን የሚገዛ ሌላ ሰው አለ ወይ?

በዚህ መለኪያ በኢትዮጵያ ታሪክ ከተሳካላቸው የልጆች አሳታሚዎች የመጀመሪያው፣ ብዙዎቻችን አሳታሚ ብለን አስበን የማናውቀው ሰው ነው። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ። በስማቸው የወጣው የፊደል ገበታ ያልገባበት የአገሪቱ ክፍል ይኖር ይሆን? ካርቶን ላይ የተለጠፈ አንድ ገጽ ወረቀት፤ ላዩ ላይ ሀ ሁ፣ አቡጊዳ፣ ቁጥር። ልጁ በስንደዶ ወይም በእንጨት እየጠቆመ ይቆጥርበታል፣ ታናሹ ይወርሰዋል፣ ጠርዙ ሲበላ ሌላ ይገዛል።

የዚህን ንግድ ጤንነት ለማየት የሒሳብ መዝገብ መግለጥ አያስፈልግም። ዋጋው አባት ከገበያ ሲመለስ ለጨውና ለቡና ከያዘው ሳንቲም ሊተርፍ የሚችል ነው። ገዢው ሚኒስቴር ወይም ለጋሽ አይደለም፣ ወላጁ ነው፤ ይኸውም በየክፍለ ሀገሩ የተበተነ እጅግ ብዙ ወላጅ። አንዱ ቢቀር ሌላው አለ። ምርቱ አያረጅም፣ ፊደል ዘንድሮ አምና ከነበረው አይለወጥም። በየዓመቱ ደግሞ አዲስ ደንበኛ ይወለዳል። ንጉሥ ሲወርድ፣ ደርግ ሲመጣ፣ ደርግ ሲሄድ የፊደል ገበታው መሸጡን አላቆመም። መንግሥት ተለውጦ የገበያው ዓይነት ያልተለወጠበት አሳታሚ በአገራችን ብዙ አይገኝም።

ተመሳሳይ ነገር በእንግሊዝ አገርም ታይቷል። በ1940 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወረቀት ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ በላፍቦሮ ከተማ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ከአንድ ትልቅ ወረቀት ብቻ ታጥፎና ተቆርጦ የሚወጣ ባለ 56 ገጽ የልጆች መጽሐፍ ዘየደ። ሌዲበርድ የተባሉት መጻሕፍት እነዚህ ናቸው። ሁሉም አንድ መጠን፣ አንድ የገጽ ብዛት፣ አንድ ዋጋ፤ ዋጋውም ለ30 ዓመት ያህል ሁለት ሺሊንግ ተኩል ሆኖ ቆየ። ብክነት የለም፣ አዲስ ርእስ በመጣ ቁጥር አዲስ ስሌት የለም። ቡልጋና ላፍቦሮ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ተረድተው ነበር ማለት ነው፦ መጀመሪያ ወላጅ ሊከፍል የሚችለው ዋጋ ይወሰናል፣ መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ይቀረጻል። የኛ አሳታሚዎች ግን በአብዛኛው መጽሐፉን ሠርተው ነው ዋጋውን የሚጠይቁት።

የደርግ ዘመን ሌላ መንገድ ያዘ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በእርግጥ አንባቢ አፍርቷል፤ አገሪቱም በዩኔስኮ ተሸልማበታለች። አዲሱ አንባቢ የሚያነበው ይፈልጋል። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የመጣው በዚህ ዘመን ነው። ብዙው ሰው ኩራዝን የሚያስታውሰው በ1975 ዓ.ም. ባወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው፤ የልጆች መጻሕፍትም ያሳትም ነበር። ከሞስኮው ፕሮግረስ አሳታሚ በአማርኛ ተተርጉመው የሚመጡ መጻሕፍትም በርካሽ ይሸጡ ነበር። በዚያ ዘመን ያደገ ሰው ዛሬም በፍቅር ያነሣቸዋል።

ያ ርካሽ ዋጋ ግን የእውነት ዋጋ አልነበረም። ልዩነቱን የሚከፍለው መንግሥትና ፓርቲ፣ የሞስኮውን ደግሞ የሶቪየት ኅብረት ግምጃ ቤት ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ከፋዮች በአንድ ዓመት ውስጥ ሄዱ። ኩራዝም ከዚያ በኋላ የቀድሞ ቁመናውን አላገኘም። አንባቢው አልጠፋም፤ የጠፋው ከፋዩ ነው። ይህን መለየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም «ሕዝቡ አያነብም» የሚለው ወሬ የጠነከረው ልክ ከዚህ በኋላ ነው።

በዚህ ላይ ወደ ቁጥሩ እንግባ። የልጆች መጽሐፍ ከልቦለድ የሚለየው መነሻ ወጪው ከባድ በመሆኑ ነው። ሠዓሊ አለ፣ ባለ ቀለም ኅትመት አለ፣ ጥሩ ወረቀት አለ። ለስሌት እንዲመች እንዲህ እንበል፦ ለአንድ ባለ 32 ገጽ መጽሐፍ ለጸሐፊ፣ ለሠዓሊ፣ ለአርታዒና ለማተሚያ ዝግጅት 150,000 ብር ይወጣል። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ቅጂ በወረቀትና በኅትመት 60 ብር ይፈጃል። 1,000 ቅጂ ቢታተም የአንዱ ዋጋ 210 ብር ይሆናል። 10,000 ቢታተም 75 ብር። አሳታሚውም «10,000 ላሳትም፣ ዋጋው ይውረድልኝ» ይላል። ስሕተት አይመስልም።

አሁን በ120 ብር ይሸጠው። መጽሐፍ ሻጩ 30 በመቶ ቢወስድ ለአሳታሚው 84 ብር ይገባዋል። በዓመቱ 2,000 ቅጂ ተሸጠ እንበል። በሒሳብ መግለጫው ላይ ከእያንዳንዱ 9 ብር፣ በድምሩ 18,000 ብር አትርፏል። «ትርፋማ ድርጅት» ነው። ኪሱ ግን ሌላ ይናገራል፦ 750,000 ብር አውጥቶ 168,000 ብር ብቻ ሰብስቧል። 582,000 ብር መጋዘን ውስጥ ተኝቷል፤ አይጥና እርጥበት እየጠበቀው።

ስለዚህ አንድ ሰው የልጆች መጽሐፍ ድርጅት ጤናማ ነው ወይ ብሎ ሲመረምር የትርፍና ኪሳራውን ገጽ አልፎ መጀመሪያ መጋዘኑን ማየት አለበት። ክምችቱ የስንት ዓመት ሽያጭ ነው? ከላይ ባለው ምሳሌ የቀረው 8,000 ቅጂ በዚያው ፍጥነት 4 ዓመት ይፈጃል። በዐዋጅ ቁጥር 847/2006 ኢትዮጵያ የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሒሳብ አያያዝ ደረጃም ይህንኑ ይጠይቃል፤ ክምችት በወጣበት ዋጋ ወይም ሊሸጥበት በሚችለው የተጣራ ዋጋ፣ ከሁለቱ ባነሰው ይመዘገባል። የማይሸጥ መጽሐፍ በ75 ብር ሀብት ተብሎ ሊጻፍ አይገባም። ብዙ «ጤነኛ» አሳታሚ በዚህ አንድ መስመር ብቻ ታማሚ ሆኖ ይገኛል።

ቀጥሎ የሚታየው ተሰብሳቢው ነው። መጽሐፍ በአደራ ለሻጭ ይሰጣል፣ ገንዘቡ ሲሸጥ ይመጣል። ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ውጫሌ የደረሰ 20 ቅጂ መጽሐፍ ገንዘቡ ተመልሶ እስኪመጣ አሳታሚው ስንት ጊዜ ስልክ ይደውላል? ለ20 ቅጂ ሰው አይላክም። በዚህ የተነሣ ብዙው የልጆች መጽሐፍ ከአዲስ አበባና ከጥቂት ትልልቅ ከተሞች አይወጣም። በትንሽ ከተማ ያለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ደብተር፣ እስክሪብቶና የፊደል ገበታ ይደረድራል፤ ምክንያቱም እነርሱ ቶሎ ይዞራሉ። ነጋዴው ሒሳቡን ያውቃል።

ሦስተኛውና ዋናው ግን የገዢዎች ስብጥር ነው። ከሽያጩ ስንት እጅ ከአንድ ደንበኛ ይመጣል? ላለፉት 20 ዓመታት በኢትዮጵያ የልጆች ንባብ ሥራ ውስጥ ብዙ መልካም ሰዎች ገብተዋል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠራ በአማርኛ ለልጅ የሚሰጥ መጽሐፍ ባለማግኘቱ በ2002 እ.ኤ.አ. «ሲሊ ማሞ» የተባለውን በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ መጽሐፍ አሳተመ። ከመጽሐፍ የተገኘው ገንዘብና ከወዳጆች የተሰበሰበው አንድ ላይ ሆኖ በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። በኋላም በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት በሐዋሳ ታየ። ኮድ ኢትዮጵያም በገጠር የንባብ ቤቶችን እያቋቋመ በአገር ውስጥ ቋንቋዎች የልጆች መጻሕፍት አሳትሟል። ብሩክታዊት ጥጋቡ የጀመረችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ከቴሌቪዥን ተነሥቶ ወደ መጽሐፍ ሄዷል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት አባባ ተስፋዬ ከቴሌቪዥኑ ተረት ጎን ለጎን የልጆች መጻሕፍት አውጥተዋል።

የእነዚህን ሥራ ማቃለል ነውር ነው። ችግሩ የመጣው በሥራው ዙሪያ ከተገነባው ገበያ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስት አንዱ ገደማ ከቀረበለት ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻለ ሲታወቅ ለጋሾች ደነገጡ። መደንገጥም ነበረባቸው። የአሜሪካው ዩኤስኤይድ በ2012 እ.ኤ.አ. በጀመረው ትልቅ የንባብ ፕሮግራም በ7 ቋንቋዎች የአንደኛ ደረጃ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት እንደ አዲስ ተዘጋጁ። የዓለም ባንክ በሚመራው የትምህርት ጥራት ፕሮግራምም የመማሪያ መጻሕፍት በዓለም አቀፍ ጨረታ ይታተሙ ጀመር፤ ከጨረታው ብዙው ወደ ውጭ አገር ማተሚያ ቤቶች ሄደ።

ለተማሪው ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ መጽሐፍ በእጁ ገብቷል። ለአገር ውስጥ አሳታሚ ግን ሁለት ነገር አስከተለ። አንደኛ፣ ትልቁ የልጆች መጽሐፍ ግዢ በእርሱ በኩል አላለፈም። ሁለተኛ፣ ለጋሽ በርካታ ቅጂ ገዝቶ በነፃ ሲያድል ወላጅ «መጽሐፍ ትምህርት ቤት ይሰጣል» ብሎ ለመደ። አሳታሚው ደግሞ ወላጅን ትቶ ፕሮጀክት ማንኳኳት ተማረ። ፕሮጀክት ሲገኝ ሠዓሊ ይቀጠራል፣ ሲያልቅ ይበተናል። በዓመት አንድ ትልቅ ትእዛዝ ያገኘ ድርጅት በዚያ ዓመት ሀብታም ይመስላል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለዚህ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ብር በገበያ እንዲመነዘር ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ የማተሚያ መለዋወጫው በዶላር የሚመጣ ነው። ከላይ ባየነው ምሳሌ 60 ብር ያልነው የወረቀትና የኅትመት ወጪ እጥፍ ቢሆን የመጽሐፉ ዋጋ 75 ብር መሆኑ ይቀርና 135 ብር ይገባል፤ ከመሸጫ ዋጋው በላይ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2025 እ.ኤ.አ.፣ ዩኤስኤይድ ተዘጋ። በ1991 እ.ኤ.አ. የሆነው በሌላ ልብስ ተደገመ፦ ርካሽ ግብአትና ትልቅ ከፋይ ባጭር ጊዜ ውስጥ አብረው ሄዱ።

በውጭ አገር ያለው ኢትዮጵያዊ በበኩሉ ለራሱ መላ አግኝቷል። ከሲያትል የሚነሣው ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ከእንግሊዝኛ ጋር ጎን ለጎን የሚታተሙ መጻሕፍት አሉት፤ በአማዞን በኩል አንድ ሰው ሲያዝ አንድ ቅጂ ይታተማል። ክምችት የለም፣ መጋዘን የለም። የሉሕ ጥበብ በኮምፒውተር ተመለሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚህ መንገድ ግን የሚከፍለው የሲያትልና የዋሽንግተን ወላጅ ነው፣ በዶላር። የአምባሰል ልጅ ያንኑ መጽሐፍ የሚያገኘው አንድ በጎ ፈቃደኛ በሻንጣ ካመጣለት ወይም አንድ ድርጅት አሳትሞ ካደለው ነው።

ስለ አምባሰል ልጅ ካነሣን የደረሰበትን ሳንጠቅስ ማለፍ አይቻልም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ውጫሌን፣ ሐይቅን፣ ደሴን አዳርሷል፤ በወሎ ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ቁስሉ ሳይሽር በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተነሣ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን ሲገልጽ ከርሟል። ለአሳታሚ ይህ ማለት ትምህርት ቤት የሚባለው ገዢም ተዘግቷል ማለት ነው። ለልጁ ደግሞ ቤት ውስጥ ያለ መጽሐፍ ብቸኛው መጽሐፍ ሆኗል። የተረት መጽሐፍ እንደ ዛሬ ተፈላጊ ሆኖ አያውቅም፣ እንደ ዛሬም ውድ ሆኖ አያውቅም።

ታንዛንያ ከዚህ ወጥመድ ለመውጣት አንድ ነገር ሞክራለች። በ1991 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የልጆች መጻሕፍት ፕሮጀክት አሳታሚው ከሚያሳትመው 5,000 ቅጂ 3,000 ያህሉን ፕሮጀክቱ ገዝቶ ለትምህርት ቤቶችና ለንባብ ቤቶች ያከፋፍል ነበር። ቀሪውን 2,000 አሳታሚው ራሱ በገበያ መሸጥ ነበረበት። ለጋሹ የመነሻ ወጪውን ፍርሃት ያስወግድለታል፣ ወላጁን ከመፈለግ ግን አያሳርፈውም። በእኛ ምሳሌ ብንሠራው፣ ከዶላሩ በፊት በነበረው ዋጋ 5,000 ቅጂ 450,000 ብር ይፈጃል፣ ለአንዱ 90 ብር። 3,000ው በዚሁ በ90 ብር ቢገዛ 270,000 ብር ወዲያው ይገባል። አሳታሚው የሚጨነቀው ለ180,000 ብር ብቻ ነው። ከ582,000 ጋር አወዳድሩት።

ይህን ለማድረግ የውጭ ለጋሽ የግድ አይደለም። የክልል ትምህርት ቢሮ፣ ከተማ አስተዳደር፣ የልማት ማኅበር፣ በውጭ ያለ የወሎ ተወላጅ ማኅበር ሊያደርገው ይችላል። ገንዘቡ ዛሬም በተለያየ መንገድ ይወጣል፤ አብዛኛው ግን የሚወጣው ሙሉ ኅትመቱን ከፍሎ፣ ሽፋኑ ላይ ዓርማ ለጥፎ፣ በአንድ ቀን ሥነ ሥርዓት ለማደል ነው። ከሥነ ሥርዓቱ ማግስት ሁለተኛ ኅትመት የለም፤ ሻጩም አላወቀው፣ ወላጁም ዋጋውን አልጠየቀ።

ለአሳታሚውም የሚቀር ሥራ አለ። 32 ገጽ በጥሩ ወረቀት ላይ በሙሉ ቀለም ማሳተም የሚያምር ነገር ነው፤ ለሽልማትም ለፎቶም ይሆናል። ግን ከአንድ ትልቅ ወረቀት ስንት ገጽ ይወጣል ብሎ ከማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ጋር ቁጭ ያለ አሳታሚ ስንት ነው? በሁለት ቀለም፣ በ16 ገጽ፣ ተጣጥፎ በሽቦ ተሰፍቶ፣ ደብተር ከሚሸጥበት ዋጋ አጠገብ የሚቆም ተረት ለምን አይወጣም? ይህ ዓይነት መጽሐፍ በመጽሐፍ መደብር መሸጥ የለበትም። በመስከረም ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ወደ ሐይቅና ወደ ውጫሌ ገበያ የሚወጣው ነጋዴ ከፊደል ገበታው ጎን አንጥፎ ሊሸጠው ይችላል። ያ ነጋዴ በአደራ አይወስድም፣ በጥሬ ገንዘብ ነው የሚገዛው። ካልተሸጠለትም በሚቀጥለው ሳምንት አይመለስም፤ አሳታሚውም የመጽሐፉን ዕጣ ኦዲተር ሳይጠብቅ በሳምንቱ ያውቃል።